በክብር መዝገቡ ላይ ዶርዜ የት አለ?

የሕይወት ዘመን ተሸላሚ ሙዚቀኞች ስም ይፋ በሆነ ቁጥር የሙዚቃ ወዳጅ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው በጎደለው ስም ላይ ነው። «እገሌ እያለ እንዴት እሱ ቀደመ?» ይባላል። «ያን ሁሉ ካሴት ያቀናበረው ሰውዬስ?» ይባላል። ይህን ሙግት አልንቀውም፤ አድማጭ በዓመታት በጆሮው ያጠራቀመውን ፍርድ አደባባይ ይዞ የሚወጣው ያን ቀን ነውና። በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የሚተላለፈው ለዛ ፕሮግራም የአድማጮች ምርጫ ሽልማቱን ሲጀምር ለዚህ ፍርድ መድረክ ሰጠው፤ ትልቅ ውለታ ነው። ባሕር ማዶም ነገሩ ያው ነው። ናይጄሪያዊው ፌላ ኩቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ክሊቭላንድ ላለው የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲታጭ፣ የአድናቂዎች ድምፅ ከቲና ተርነር ቀጥሎ ሁለተኛ አድርጎት ነበር። ወደ አዳራሹ የገቡት ሰዎች ዝርዝር ሲወጣ ግን ስሙ አልተገኘም፤ በተከታዩም ዓመት ታጭቶ ቀረ። የፌላ ወዳጆች ቁጣ ስለ አንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ዳኞቹ በእጃቸው የያዙት መለኪያ ከየት እንደመጣ፣ ማንን ለመለካት እንደተሠራ የሚጠይቅም ነበር።

ያንን ጥያቄ ወደ ቤታችን ማምጣት እፈልጋለሁ። እኛ ዘንድ ክሊቭላንድ ላይ እንዳለው ያለ ሕንፃ የለም፤ በቃላችን የምንለው መዝገብ ግን አለን። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማህሙድ አህመድ፣ ዓለማየሁ እሸቴ፣ አስቴር አወቀ፣ አሊ ቢራ፣ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ጌታቸው መኩሪያ። ከእነዚህ መካከል ይውጣ የምለው አንድም የለም። ሁሉም ግን በአንድ በር የገቡ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ ስም፣ አንድ ፎቶግራፍ፣ አንድ የሕይወት ታሪክ አላቸው። ስለ ቀሩት ስንከራከርም የምንጠራቸው በዚያው በር ፊት ተሰልፈው የቀሩትን ነው። በሩ ራሱ የማያስገባቸው እንዳሉ ትዝ አይለንም። ከአባያ ሐይቅ በላይ፣ በጋሞ ደጋ፣ በብዙ ድምፅ የሚዘፍኑት ዶርዜዎች ለምን ቀሩ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። በእኔ እምነት ግን ኢትዮጵያ ውስጥ የሙዚቃ የክብር መዝገብ በወጉ የሚከፈት ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች አንዱ ሊሰጣቸው ይገባል፤ የሚሰጣቸውም እንደ ማኅበር እንጂ ከመካከላቸው አንድ ሰው ተመርጦ መሆን የለበትም።

ከአርባ ምንጭ ተነስቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ በአጭር ርቀት ውስጥ ከ1,300 ሜትር ገደማ ወደ 2,700 ሜትር ያደርሳል። ሙዙና ማንጎው ወደ ኋላ ይቀርና ቀርከሃና እንሰት ይተካል። ቁልቁል ሲያዩ ቡናማው አባያና ሰማያዊው ጫሞ በእግዜር ድልድይ ተለያይተው ተንጣለዋል። በሽመናቸው አገር ያወቃቸው ዶርዜዎች የሚኖሩት በዚህ ብርዳም ከፍታ ላይ ነው። ዘፈናቸው በመስቀልም ሆነ በለቅሶ ሲሰማ አዲስ ጆሮን ግራ ያጋባል። አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ አንዲት ሐረግ ያወጣል። ሐረጉ ሳያልቅ ሌላው የራሱን ይዞ ይገባበታል። ከሥር የብዙ ወንዶች ድምፅ አጭር ዜማ እየመላለሰ መሬቱን ይይዛል፤ ከላይ ቀጭን ድምፅ ብቅ ይልና ተመልሶ በሌሎቹ መካከል ይጠፋል። እያንዳንዱ የራሱ መንገድ አለው፤ መንገዶቹ ይተላለፋሉ፣ ይገናኛሉ፣ ደግሞ ይለያያሉ። ፈረንጆች ፖሊፎኒ ይሉታል፤ እኔ እዚህ ኅብረ ድምፅ እለዋለሁ። በመሐልና በሰሜን አገር ሙዚቃ ያደገ ጆሮ አንድ ዜማ መከተል ለምዷል። በትዝታም ሆነ በባቲ፣ በአምባሰልም ሆነ በአንቺ ሆዬ፣ ዘፋኙና ማሲንቆው ያንኑ አንድ ዜማ እያስጌጡ አብረው ይሄዳሉ። ዶርዜ ዘንድ እንዲህ ያለ አንድ ዜማ ፈልጎ የሚያደምጥ ሰው እጁ ባዶ ይቀራል። ከዘፋኞቹ አንዱን ነጥሎ ማውጣት ይቻላል፤ የወጣው ሰው የያዘው ግን ዘፈኑን አይደለም፤ የዘፈኑን አንድ ቁራጭ ነው።

ይህን በወጉ አድምጦ ለዓለም ያሰማው ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ ነው። አብዮቱ በፈነዳበት ሰሞን መቅረጫውን ይዞ ዶርዜ ገባ፤ የቀረጸውም እ.ኤ.አ. በ1977 ፓሪስ ውስጥ በሸክላ ታተመ። የሸክላው ርእስ ኢትዮጵያን ካስቀደመ በኋላ የዶርዜዎች ኅብረ ድምፅ ይላል። ለእኔ በዚህ ሸክላ ላይ ትልቁ ነገር ይህ ነው። በዘፋኝ ስም ቦታ የሕዝብ ስም ተቀምጧል፤ ማንም ደግሞ ባለቤት የሌለው ሸክላ ነው አላለም። በዚያው በ1977 አሜሪካኖች ወደ ሕዋ ባመጠቋቸው ሁለት የቮየጀር መንኮራኩሮች ላይ የምድርን ድምፆች የያዘ ወርቅ ቅብ ሸክላ ጭነው ነበር። ከባኽና ከቤትሆቨን ጎን ከጆርጂያ ተራሮች ቻክሩሎ የሚባለው የወንዶች ኅብረ ድምፅ፣ ያኔ ዛየር ትባል ከነበረችው አገር ጫካም የፒግሚ ልጃገረዶች ዘፈን ተካተዋል። የሰው ልጅን ሙዚቃ በአንድ ሸክላ ለመወከል የተቀመጡት ሰዎች ለባኽ የሰጡትን ቦታ ስሙ ላልተጠራ ማኅበር ለመስጠት አላቅማሙም። ፓሪስ ውስጥ ዶርዜ በሌላም በኩል ይታወቅ ነበር። አንትሮፖሎጂስቱ ዳን ስፐርበር ስለ ተምሳሌት በጻፈው፣ በየዩኒቨርሲቲው በሚነበበው መጽሐፉ፣ ነብር ጾም የሚያከብር ክርስቲያን እንስሳ ነው የሚለውን የዶርዜዎች አባባል ዋና ምሳሌው አድርጎታል። በውጭ አገር ምሁራን ዘንድ እንዲህ የታወቀ ሕዝብ በገዛ አገሩ የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ አንድ አንቀጽ ማጣቱ ያሳዝነኛል።

ምክንያቱን የምፈልገው በክፋት ውስጥ አይደለም። በቃላችን የያዝነው መዝገብ የተጻፈው በሸክላና በካሴት ንግድ ነው። ሸክላ አሳታሚው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመንግሥትን የሸክላ ማሳተም ብቸኝነት ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሲያወጣ፣ በዚያች ጠባብ ክብ ወረቀት ላይ የሚበቃው አንድ ስም ነበር። ካይፋና ፊሊፕስ የተባሉት ሸክላ አሳታሚዎችም በዚያው መንገድ ሄዱ። ሱቁ ሸቀጡን የሚያውቀው በዘፋኙ ስም ነው፤ ገዢም «የማህሙድን ስጠኝ» ይላል። አሠራሩ በዘመናዊው ሙዚቃ ላይም ግፍ እንደሠራ እናውቃለን። «እሬ መላ መላ»ን ሁሉም የማህሙድ ይለዋል፤ በዚያ ቅጂ ላይ የተጫወተው አይቤክስ ባንድ መሆኑን የሚያስታውሰው ግን የሙዚቃ አዋቂ ብቻ ነው። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ከወጡት ካሴቶች ስንቶቹ ላይ ሮሃ ባንድ እንዳለ የሚያውቅም ጥቂት ነው። የአንድ ባንድ አምስትና ስድስት ሰዎችን ስም መሸከም ያቃተው ወረቀት ሠላሳና አርባ ሰው የሚዘፍነውን ዘፈን ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ የገጠሩ ዘፈን ወደ ካሴት ሲገባ ድምፃዊው በስሙ ይጻፋል፣ በዜማው ሰሪ ቦታ «የሕዝብ» ይባላል። የትኛው ሕዝብ፣ ከየት፣ ማን ሲያወጣው ማን ተቀብሎት? ዝም ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ወዲህ ስም ያለው የሥራ አመንጪ መብቱን የሚጠይቅበት መንገድ ተጠርጓል። «የሕዝብ» ተብሎ የተጻፈው ግን ክብሩም ጥቅሙም አብሮ ይቀርበታል፤ በሠርግ ላይ የጋሞን ምት እየጨፈረ የሚያድር አዳራሽ ሙሉ ሰው ዜማው ከየት እንደወጣ ሳይጠይቅ ይበተናል።

የደርግን ዘመን የሚያስታውስ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያቋርጠኝ እንደሚችል አውቃለሁ። ያኔ እኮ ጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር የኪነት ቡድን ነበረው፤ ቀበሌ ሳይቀር ኪነት ነበረው፤ የዶርዜ ጭፈራ በቴሌቪዥን ታየ፣ ዱንጉዛ የሚባለው ባለ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ልብሱ ታወቀ፤ በ1980 ዓ.ም ሕዝብ ለሕዝብ የአገሪቱን ጭፈራ ይዞ ዓለምን ዞረ። እውነት ነው፣ ኪነት ባይኖር የብዙው ሕዝብ ሙዚቃ አዲስ አበባ አይደርስም ነበር፤ በዚያ መድረክ ላይ ያደጉ ሙዚቀኞችም ብዙ ናቸው። ሆኖም መድረኩ ያሳየውን ያህል ቀይሮታል። ክብ ሠርቶ ፊት ለፊት እየተያየ የሚዘፍነው ማኅበር በመድረክ ላይ ተመልካችን አየ። ማይክሮፎን አንድ ወይም ሁለት ስለሆነ ከፊት አንድ ድምፃዊ ቆመ፤ የቀሩት ከኋላ ተደርድረው ተቀባይና ተወዛዋዥ ሆኑ። ኪቦርዱና ድራሙ ሲገቡ ከሥር ዜማውን ይይዝ የነበረው የወንዶች ድምፅ ሥራ አጣ። ምቱ ቀረ፣ ልብሱ ቀረ፣ ወገቡ ቀረ፤ ኅብረ ድምፁ ወጣ። ዛሬ ብዙ ሰው «የጋሞ ዘፈን» ሲባል የሚመጣለት ያ የተረፈው ነው። ለዚህ የኪነት አባላትን የሚወቅስ ሰው ፍርዱ ትክክል አይመስለኝም፤ ባላቸው ዕቃና በተሰጣቸው ደቂቃ የሚቻለውን ሠርተዋል። ነገር ግን መድረኩን እንደ ማስረጃ አቅርቦ «ዶርዜማ ተከብሯል» ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአዘጋጆች ወገን የሚመጣ ነው። ሽልማት ተቀባይ ይፈልጋል፤ ዋንጫውን ማን ያነሳል፣ ማን ንግግር ያደርጋል፣ ነገ ጥቅም ቢመጣ ለማን ይከፈላል? ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ግን አገራችን ራሷ አንድ ጊዜ ሰጥታዋለች። በመስከረም 2011 ዓ.ም በቡራዩና አካባቢው የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉ በኋላ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቶች በቁጣ ወጥተው ነበር። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ፤ ልጆቻቸውም ከበቀል ተመለሱ። ፎቶግራፉን ያላየ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። አገሩ ያመሰገነው ማንን ነበር? «የጋሞ አባቶችን»። የተንበረከኩትን ሰዎች ስም የሚያውቅ ከአካባቢው ውጭ ጥቂት ነው፤ ምስጋናው ግን አድራሻ አልጠፋውም። ደሬ የሚባለው እያንዳንዱ የጋሞ ነባር ግዛት ዱቡሻ የሚባል የሸንጎ አደባባይ አለው፤ ማኅበሩ ተሰብስቦ የሚመክርበት፣ የሚያስታርቅበት፣ የሚወስንበት ቦታ ነው። ስለ ጋራ ጉዳይ ሲወስን የኖረ ሕዝብ ስለ አንድ ዋንጫ መወሰን አያቅተውም። ዓለም አቀፉም ልምድ ይኸው ነው። ዩኔስኮ የጆርጂያን ኅብረ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ2001፣ የመካከለኛው አፍሪካዎቹን አካ ፒግሚዎች በ2003፣ የአልባኒያን በ2005 ሲያውጅ ከመካከላቸው አንድ ዘፋኝ ውክልና እንዲያመጣ አልጠየቀም። የእኛም መስቀል፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ገዳና ጥምቀት በዚያው ድርጅት መዝገብ የሰፈሩት በባለቤታቸው በማኅበረሰቡ ስም ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀውን፣ ኢትዮፒክስ የተሰኘውን የአልበም ተከታታይ የሚያውቁም አሥራ ሁለተኛውን ቅጽ ያስታውሱ፤ ከሙላቱ፣ ከዓለሙ አጋና ከጌታቸው መኩሪያ ቅጾች ጋር በአንድ መደዳ ላይ ኮንሶ ይላል። የጋሞ ጎረቤት ነው ኮንሶ። መደዳው አልፈረሰም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ሦስተኛው ተቃውሞ ነው። እንዲህ ይላል፦ ማኅበር ማኅበር እያልክ ሰውን እየደመሰስክ ነው፤ በእያንዳንዱ መንደር ሲያወጣ ሰው የሚያፈዝ፣ በለቅሶ ላይ ካልተገኘ ለቅሶው የሚቀዘቅዝ አንድ ሰው አለ፤ እሱን «ዶርዜ» ብለህ በሕዝብ ስም መሸፈን ከካሴቱ «የሕዝብ» በምን ይለያል? የከተማው ዘፋኝ ጥበበኛ ይባላል፣ የገጠሩ ግን እንደ ተራራና እንደ ሐይቅ የተፈጥሮ ነገር ተደርጎ ይታያል። ይህን የሚል ሰው ልክ ነው፤ ቀላል መልስ የለኝም። ደጋግሞ መታሰብ ያለበት ነገር ነው፤ የሸማኔው ዕጣም ይኸው ነበርና። ከጨንቻና ከዶርዜ ወርዶ ሽሮ ሜዳ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ መወርወሪያ ሲያመላልስ የኖረ ሰው የሠራውን ጥበብ ሚሊዮኖች ለብሰዋል፤ ነጠላው የጠጅ ሳር ሽታ እንደያዘ ከሣጥን ሲወጣ የነጋዴዋ ስም ይነሳል፣ የሠሪው አይነሳም። ስም መንፈግ ከድህነት ጋር አብሮ የኖረ በደል ነው። ስለዚህ የማኅበሩ ስም የሰዎቹን ስም መዋጥ የለበትም። መዝገቡ ላይ ዶርዜ ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ሥር ሥሩን አውጪዎቹ፣ ተቀባዮቹ፣ መንደራቸው፣ ዘፈኑን ከማን እንደተማሩ ይጻፍ። በሕይወት ያሉት ሳይሞቱ ይጠየቁ። ግን አውጪውን ብቻ ነጥሎ መሸለም ለተቃውሞው መልስ አይሆንም። አውጪው ራሱ ያለ ተቀባዮቹ አፉን አይከፍትም፤ ጥሩ አውጪ ያደረገውም ከሥሩ ሆኖ የሚይዝለት ሰው ነው። እሱን መድረክ ላይ ብቻውን አቁሞ ሜዳሊያ ማጥለቅ ለሙያው ዕውቅና ቢመስልም ሙያው ምን እንደሆነ አለማወቅ ነው።

አሜሪካኖቹ እንኳ ይህን ቀስ ብለው ተምረዋል። የክሊቭላንዱ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1986 የመጀመሪያዎቹን ተከባሪዎች ሲቀበል ጄምስ ብራውን ገባ፤ አብረውት የዘፈኑት ፌመስ ፍሌምስ ቀሩ። በተከታዩ ዓመት ስሞኪ ሮቢንሰን ገባ፤ ሚራክልስ ቀሩ። አዳራሹ ስህተቱን አምኖ ሁለቱንም ከሌሎች አጃቢ ቡድኖች ጋር ያስገባው በ2012 ነው። ከዚያ በፊት በ2000 ከኋላ ሆነው ለሚጫወቱ ሙዚቀኞች የተለየ ዘርፍ ከፍቶ ነበር፤ ሞታውን የተባለው የሸክላ ኩባንያ ባስ ጊታር ተጫዋች ጄምስ ጄመርሰን የገባው በዚያ በር ነው፤ እሱም ከሞተ ከ17 ዓመት በኋላ። ሮክ ከመባሉ በፊት ኤሌክትሪክ ጊታር ይዛ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ስታነጎድ የነበረችው ሲስተር ሮዜታ ታርፕ በ1973 ሞታ በ2018 ገባች። ይህን የማነሳው የእነሱን ቤት ለማድነቅ አይደለም። በንግድ ላይ የተመሠረተው፣ ኮከብ ወዳዱ ተቋም እንኳ መለኪያው ሙዚቃውን እንደማይመጥን ሲገባው መለኪያውን ከቀየረ፣ እኛ ገና ያልተጻፈ መዝገብ ይዘን ከእነሱ የ1986 ስህተት የምንጀምርበት ምክንያት አይታየኝም።

«ባህል ነው፣ ሙዚቃ አይደለም» የሚለውን አባባል በአጭሩ ባልፈው ይሻላል። ባህላዊና ዘመናዊ ብሎ መክፈል ለሬዲዮ ፕሮግራም ይጠቅም ይሆናል፤ ለጥበብ ፍርድ አይሆንም። ከአርባ ምንጭ በስተደቡብ ጊዶሌ ላይ ደራሼዎች ፊላ ይነፋሉ። እያንዳንዱ ነፊ የያዘው የሸንበቆ ዋሽንት የሚያወጣው የተወሰነ ድምፅ ነው፤ ዜማው የሚወለደው ሁሉም በየተራው፣ በትክክለኛዋ ቅጽበት፣ እየጨፈረ ሲነፋ ነው። ለአንዲት ቅጽበት የዘገየ ሰው በዜማው ላይ ቀዳዳ ይተዋል። ይህን የሚችል ሕዝብ ሙዚቃ አያውቅም ለማለት የሚደፍር ሰው በየትኛው ሙያ ተማምኖ እንደሚናገር አላውቅም። አርባ ምንጭ ላይ የሺህ ኮከቦች ፌስቲቫል ይካሄድ በነበረባቸው ዓመታት ከደቡቡ ማዕዘን ሁሉ የመጡ ሕዝቦች በአንድ ስታዲየም ሲገናኙ፣ ይህ ሀብት ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ዕድል ተገኝቶ ነበር። ያ ፌስቲቫል ሕዝቦቹን በየስማቸው ጠርቶ ያቀርብ ነበር፤ ማንም ኮከብ ድምፃዊ ይምጣልን አላለም።

የስሙ ጉዳይ ቀርቷል። ዶርዜ ከአርባ በላይ ከሆኑት የጋሞ ደሬዎች አንዱ ነው። አዲስ አበባ ግን ከጋሞ የመጣውን ሸማኔ ሁሉ ዶርዜ ብላ ጠራች፤ ስሙንም ለረጅም ጊዜ ለንቀት ተጠቀመችበት። ታዲያ መዝገቡ ላይ ዶርዜ ብሎ መጻፍ ሌሎቹን ማስቀረት፣ ያንን የከተማ ስህተትም ማጽናት አይሆንም ወይ? እኔ ዶርዜ ይጻፍ ባይ ነኝ፤ በ1977ቱ ሸክላ ላይ የሚሰማው ድምፅ የእነሱ ስለሆነ፣ ክብር ደግሞ እቅጩን ሲናገር ስለሚያምር። ጨንቻም፣ ቦንኬም፣ ኦቾሎም የራሳቸውን ዘፈን ይዘው በራሳቸው ስም ይምጡ። ለስድብ የዋለ ስም በክብር ገጽ ላይ መዋሉም ራሱን የቻለ ካሣ ነው። በዚህ አገር ስም ከላይ ሲጫን አይተናል። ጣሊያናዊው አሳሽ ቦቴጎ አባያን በአገሩ ንግሥት ስም ማርጋሪታ ብሎት ሄደ፤ ስሙ በአውሮፓ ካርታዎች ላይ ለአሥርት ዓመታት ኖረ። የሐይቁ ሰዎች አባያ ማለታቸውን አላቆሙም፤ ዛሬ ካርታውም አባያ ይላል።

ይህን ሁሉ የምለው ጊዜ ስላለን አይደለም። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በጋሞ ደጋ ከተስፋፉ ወዲህ ከአሮጌው ሥርዓት ጋር ተያይዘው የኖሩ ዘፈኖች ከብዙ ቤት ወጥተዋል፤ ይህ የአማኞች ምርጫ ነው፣ የሚከበር ነው። ወጣቱም ሥራ ፍለጋ ወደ ሻሸመኔና አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ብዙ ድምፅ የሚፈልግ ዘፈን ደግሞ የሰው መበተንን አይችልም። አንድ ማሲንቆ መቺ ብቻውን ተሰዶ ጥበቡን ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ አሥር ሰው የሚፈልግ ዘፈን ግን ዘጠኝ ሰው ሲቀር ያበቃል። ስለዚህ መዝገቡ ዋንጫ ከማንሳት በፊት ሥራ አለበት። የፓሪሱ ክምችት ቅጂ፣ በፈረንሳይ የሳይንስ ምርምር ማዕከልና በሰው ልጅ ቤተ መዘክር የድምፅ ማኅደር ያለው፣ አርባ ምንጭ ይምጣ፤ ዩኒቨርሲቲው በዚያው ከተማ አለ፣ ከዶርዜም ሩቅ አይደለም። ያኔ የተቀረጹት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ቁጭ ብለው ያድምጡት፤ ይህ የእገሌ ድምፅ ነው፣ ይህ የእገሌ አባት ነው እያሉ ስሞቹን ይሙሉ። ዘፈኑን ዛሬም የሚችሉት ደግሞ በክብ ቆመው፣ ማይክሮፎኑ መሐል ተቀምጦ፣ አንድም ሰው ወደፊት ሳይወጣ እንደገና ይቀረጹ። የክብር ምሽቱን ቀን አዘጋጆቹ ይወስኑ፤ ቦታው ግን ዱቡሻ ይሁን፣ ወሩም መስከረም፣ ሸማኔው ከሽሮ ሜዳ ለመስቀል ወደ ቤቱ በሚመለስበትና የተቀባዮቹ ቁጥር በሚሞላበት ሰሞን።